ሣሩ ለምልሟል፣ ላሟስ?

ጅማን በነሐሴ ያያት ሰው ላም ሆኖ መፈጠር ያምረዋል። ከቦዬ ረግረግ ጀምሮ እስከ ቀርሳና ሰቃ ጮቆርሳ ድረስ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ላሞቹ ሣር ውስጥ ተውጠው ይታያሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ከመኪና መስኮት ፎቶ ያነሳና «የጅማ ላም ታድላ!» ይላል።

ከመኪናው ወርዶ ቢጠጋ ግን ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። መሬቱ ጨቅይቷል፤ ላሟ ጋደም ብላ የምታመሰኳበት ደረቅ ቦታ የላትም። ገመዷ አጭር ነው። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ወይ ደግሞ ይህ ሁሉ የለም፣ ላሟ በእርግጥም ደልቷታል። ከሩቅ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስለ ግጦሽ ላም ሲነሳ የብዙዎቻችን ልብ ቶሎ ያርፋል። በረት ተዘግቶባት ከምትውለው ሜዳ ላይ የምትውለው ትሻላለች እንላለን። በብዙ ነገር እውነት ነው። ግን ሜዳ ላይ መዋሏ የት እንደዋለች ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደዋለች አይነግረንም። ይህን ለማወቅ የሚደረገው ሥራ የእንስሳት ደህንነት ምዘና ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ አብዛኛው የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1965 በሮጀር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ ስለ እርሻ እንስሳት አያያዝ ለእንግሊዝ መንግሥት ሪፖርት አቀረበ። አንድ እንስሳ ቢያንስ ሊቆም፣ ሊተኛ፣ ሊዞር፣ ራሱን ሊያጸዳና እግሩን ሊዘረጋ ይገባዋል አለ። ከዚያ ተነስቶ በ1979 «አምስቱ ነጻነቶች» የሚባሉት ተቀረጹ። ከረሃብና ከጥማት፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን አራቱ ናቸው። አምስተኛው የተፈጥሮ ጠባይን ማሳየት መቻል ነው። በ1994 ደግሞ በኒውዚላንድ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ሜለርና የሥራ ባልደረባው አዲስ አቀራረብ አመጡ። ምግቡ፣ አካባቢው፣ ጤናውና ጠባዩ ተደምረው እንስሳው ውስጥ ምን ስሜት ይፈጥራሉ ብለው ጠየቁ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ማለት ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ወተት ላሞች ደህንነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አጽድቋል።

ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ለውጥ ነው። ድሮ መዛኞች የሚያዩት ላሟን ሳይሆን ዙሪያዋን ነበር። የውኃ ገንዳ አለ? አለ። ጣሪያ አለ? አለ። ምልክት ያደርጉና ይሄዳሉ። ነገር ግን ገንዳ መኖሩ ላሟ ጠጥታለች ማለት አይደለም። ጉልበተኛዋ ላም ገንዳው አፍ ላይ ቆማ ደካማዋን ታባርር ይሆናል። አሁን ባለሙያዎች በተቻለ መጠን እንስሳዋን ራሷን እዩ ይላሉ። ገመዱ ጎድቷት እንደሆነ ቁስሉ ይናገራል። መኖው አንሷት እንደሆነ አጥንቷ ይናገራል። ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራው ትልቁ የምዘና ሥርዓትም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። አራት መርሆች አሉት፤ ጥሩ አመጋገብ፣ ጥሩ መኖሪያ፣ ጥሩ ጤናና ተገቢ ጠባይ። እነሱም በ12 መስፈርቶች ይከፈላሉ።

ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሲሠራ በዋናነት የታሰበችው በረት ውስጥ የምትኖር ላም ናት። ላሟ ጋጣዋ ውስጥ ለመተኛት ስንት ሰከንድ ፈጀባት፣ ስትተኛ ብረቱ መታት ወይ፣ ገንዳው ለስንት ላም ይበቃል የሚሉ መለኪያዎች አሉበት። ያንን ቅጽ ይዘን ጅማ ዙሪያ እንሂድ። ላሟ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ትገባለች። መዛኙ 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ባዶ በረት በሜትር ይለካል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

የግጦሽ ላም ምዘና እሷ ከዋለችበት መዋል አለበት። መንገዱ፣ ውኃው፣ ገመዱ፣ ጥላው፣ ጭቃው፣ መዥገሩ፣ እረኛው፤ የላሟን ቀን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ወተቱ ይዋሻል

«ላምህ እንዴት ናት?» ስትለው «ደህና ናት፣ ትታለባለች» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ወተት የደህንነት ምልክት ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የፈረንጅ ደም ያላት ዲቃላ ላም ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት መኖ ቢያንሳትም ወተት ማውረዷን ቶሎ አታቆምም። ከገዛ ሥጋዋ እየቀነሰች ትታለባለች። ባልዲው ይሞላል፣ ጀርባዋ ይሟሽሻል። የእኛዋ የሆሮ ዝርያ ላም ግን መኖ ሲያጥራት ወተቷን ቶሎ ትቀንሳለች። እንግዲህ የሊትር ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እየተጎዳች ያለችውን ዲቃላ «ጀግና» ይላታል፣ ራሷን የጠበቀችውን ሆሮ ደግሞ «ሰነፍ»። እንዲህ ያለ ፍርድ በየመንደሩ እሰማለሁ። ሁልጊዜም ያናድደኛል።

ስለዚህ የሥጋዋን ሁኔታ ማየት ይቀድማል። ለዚህ የውጭ አገር መለኪያ መዋስ እንኳ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በ1986 እ.ኤ.አ. ሻኛ ላላቸው ከብቶች የተዘጋጀ መመሪያ አሳትሟል። ባለ 9 ደረጃ ነው። ከሲታ፣ መካከለኛና ሥብ ብሎ ይከፍልና እያንዳንዱን እንደገና በሦስት ይከፍለዋል። ለፈረንጅ ላሞች የሚሠራበት የተለመደው መለኪያ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። የሐበሻ ላም ሻኛዋም የስብ ማከማቻዋ ነው፤ እሱን የማያይ መለኪያ ግማሹን ይስታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከጎን፣ ከዚያ ከኋላ እዩዋት። የጎን አጥንቷ ስንቱ ይታያል? የጀርባ አጥንቷ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥቷል? ዳሌዋና የጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ጎድጉዷል? ሻኛዋ ቆሟል ወይስ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል? ከዚያ እጃችሁን ወገቧ ላይ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ አሳርፉ። በክረምት ጸጉሩ ስለሚያድግ ዓይን ይታለላል። እጅ አይታለልም።

የሥጋዋ ሁኔታ ያለፉትን ወራት ነው የሚናገረው። የዛሬውን ለማወቅ ግራ ጎኗን እዩ። ማታ ከሜዳ ስትመለስ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ቡጢ የሚያስገባ ከሆነ የዛሬ ውሎዋ ባዶ ነበር። ደህና የጋጠች ላም ያ ቦታ ይሞላል። እበቷ ደግሞ የትናንቱን ይናገራል። ድርቅ ብሎ የተቆለለ ከሆነ ሸካራ አገዳና ገለባ በዝቶባታል፤ ውኃም አንሷት ሊሆን ይችላል።

የጅማ ምዘና በነሐሴ ብቻ ከተሠራ የፎቶው እንግዳ ካየው የተሻለ ነገር አያሳይም። ሐቀኛው ወቅት የካቲት ማብቂያና መጋቢት መግቢያ ነው። የበቆሎው አገዳ አልቋል፣ አዲሱ ሣር ገና ነው። በዚያ ጊዜ ቆማ የምትሄድ ላም ባለቤቷ አስቦላታል ማለት ነው።

ውኃው ሞልቶ ላሟ ተጠምታ

ጅማ ውስጥ ስለ ውኃ ጥማት ማውራት ቀልድ ይመስላል። ዝናቡ ከብዙው የአገራችን ክፍል ይበልጣል፤ አዌቱ መሐል ከተማውን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ረግረጉ እዚሁ ነው። ግን ለታሰረች ላም ውኃው ያለው ገመዷ እስከሚደርስበት ብቻ ነው።

በአንድ የጥር ቀን ቦዬ አካባቢ አንዲት እናት ዘንድ ላም ለማየት ሄድኩ። «እማማ፣ ውኃ የት ነው የምትጠጣው?» አልኳቸው። «ኸረ ልጄ፣ ውኃማ ሞልቶ!» ብለው በእጃቸው ወደ ረግረጉ ጠቆሙኝ። ላሟ ግን ታስራ የዋለችው ከረግረጉ መለስ ብሎ ባለው ደረቅ ዳገት ላይ ነበር። ማታ ልጁ ፈታትና እያባረረ ቀጥታ ወደ ቤት አመጣት። በራፉ ላይ ባልዲ አቀረብንላት። አፏን ነከረች፣ ቀና ሳትል ጨረሰችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ነው ቀና ብላ የተነፈሰችው። እማማ «ልጁ ያጠጣታል ብዬ ነበር እኮ» አሉ። ልጁ ደግሞ ማታ ቤት ትጠጣለች ብሎ ነበር።

ይህ ራሱ ምዘና ነው። ከሜዳ እንደተመለሰች ንጹሕ ውኃ አቅርቡላትና ተመልከቱ። ተጎንጭታ የምትተወው ቀን ላይ አግኝታለች። ባልዲ የምታስለቅሰው አላገኘችም። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ላም እንደ አየሩና እንደ መኖው ከ50 ሊትር በላይ ውኃ ልትፈልግ ትችላለች። በቢጫው ጀሪካን ስናሰላው ሁለት ተኩል ነው። አይግረማችሁ፤ ወተት ራሱ ከመቶ 87 ገደማው ውኃ ነው። በክረምት ርጥብ ሣሩ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከገንዳ የምትጠጣው ይቀንሳል። በጥር ደረቅ አገዳ ስትበላ ግን ሁሉም ነገር ከባልዲው ነው የሚመጣው። ብዙው ባለቤት በክረምት የለመደውን መጠን በበጋም ይዞ ይቀጥላል።

ገመድና ሒሳብ

ማሳው በበቆሎ ሲሸፈን ላሞች በችካል ይታሰራሉ። ሌላ ምርጫ የለም፤ የጎረቤት ማሳ የገባች ላም የምታመጣውን ጣጣ የጅማ ገበሬ ያውቀዋል። ስለዚህ ማሰሩን አልኮንንም። የገመዱን ርዝመት ግን እጠይቃለሁ።

ሦስት ሜትር ገመድ ላሟ የምትዞርበትን 28 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይሰጣታል። አምስት ሜትር ሲሆን ወደ 78 ካሬ ሜትር ያድጋል። ሁለት ሜትር ገመድ ብትጨምሩ መሬቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። 300 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከ30 ኪሎ በላይ ርጥብ ሣር ትፈልጋለች። ትናንት በተጋጠና በራሷ እበት በተበከለ 28 ካሬ ሜትር ላይ ያን ያህል አይገኝም። ላም ደግሞ እበት የነካውን ሣር ትጸየፋለች። ሣር መሐል ቆማ የምትራብ ላም የምናየው ለዚህ ነው። ችካሉ በቀን ሁለቴ ቢዛወር ብዙ ነገር ይቀየራል።

ገመዱ የነካውን ቦታ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጸጉሩ ብቻ ከረገፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ቆዳው ከተላጠ፣ ካበጠ ወይም ዝንብ ከሰፈረበት ቁስል ነው፤ እሱ ለብቻው ይመዘገባል። እግሯ ላይ የታሰረች ከሆነ ከሰኮናው በላይ ያለውን ዙሪያውን በእጅ ዳስሱ። ቀጭን የናይለን ገመድ ከወፍራም የቃጫ ገመድ ይልቅ ሲቆርጥ አይቻለሁ። በቆዳዋ ላይ የምታዩት የመተኮስ ጠባሳ ግን የዛሬ ችግር ላይሆን ይችላል። የድሮ በሽታ ታሪክ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቁት።

ብቻዋን መታሰሯም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ላም የመንጋ እንስሳ ናት። ጓደኞቿ በማይታዩበት ጥግ ታስራ ቀኑን ሙሉ የምትጮኽ ላም የምትለው ነገር አለ።

አረማመዷ

ላም በራሷ ፍጥነት ስትሄድ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። የፊት እግሯ የሚያርፍበትን ታያለች። የኋላ እግሯ የፊቱ የለቀቀውን ቦታ ነው የሚረግጠው። ድንጋይና ሹል ነገር የምታልፈው በዚህ ነው። አሁን ልጁ አርጩሜ ይዞ ከኋላ ሲያጣድፋት አስቡ። ጭንቅላቷ ይነሳል፣ መንገዱን አታይም፣ የኋላ እግሯ ያገኘው ላይ ያርፋል። በኒውዚላንድ፣ ላሞች በየቀኑ ከግጦሽ ወደ ማለቢያ ረጅም መንገድ በሚሄዱበት አገር፣ የማንከስ ችግር ሲጠና ጎልተው ከወጡት ነገሮች ሁለቱ የመንገዱ ሁኔታና የነጂው ትዕግሥት ነበሩ። እኛ ጋ ያለው ጠጠር፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ እንደ ልጁ ነው።

ለማየት ጠንካራና ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ከጎን ቆማችሁ ጥቂት እርምጃ ስትሄድ ተመልከቱ። ስትቆም ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ስትሄድ ጎበጥ የሚል ከሆነ ተጠርጣሪ ናት። በእያንዳንዱ እርምጃ አንገቷን ከነቀነቀች፣ እርምጃዋ ከተዛባ፣ አንዱን እግር ቶሎ ቶሎ ካነሳችው ታነክሳለች። ታነክሳለች ማለት ደግሞ ያማታል ማለት ነው። ላም ሕመሟን ደብቃ የምትሄድ እንስሳ ስለሆነች በግልጽ ስታነክስ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቆይቷል። በክረምት ጭቃ ሰኮናውን ያለሰልሰዋል፣ በጣቶቿ መሐልም ቁስል ይጀምራል። እግሩን አንስቶ፣ አጥቦ፣ መሐሉን ማየት ነው። ሽታው ይነግራችኋል።

መተኛትና መነሳት

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ወተት ላም ከቀኑ 24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጋደም ማለት ትፈልጋለች፤ ሜዳ ላይ ትንሽ ያንስ ይሆናል። ተኝታ ታመሰኳለች፣ እግሯ ያርፋል። ተርባም መጋደምም አጥታ ከሆነ ከመብላት ይልቅ መተኛትን የምታስቀድምበት ጊዜ እንዳለ ተመራማሪዎች አይተዋል። ጭቃ ላይ ግን መተኛት አትወድም። ቆማ ታድራለች። ስለዚህ ዝናባማ ወራት ላይ ጥያቄው «ሣር አለ ወይ?» ሳይሆን «ደረቅ መጋደሚያ አለ ወይ?» ነው። በረት ገብታ ወዲያው ዘፍ የምትል ላም ቀን ላይ ቦታ አላገኘችም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስትነሳም እይዋት። ጤነኛ ላም መጀመሪያ በጉልበቷ ትንበረከካለች፣ ጭንቅላቷን ወደፊት ትወረውራለች፣ ኋላዋን ታነሳለች፣ ከዚያ ፊቷን። ማታ ገመዷ ግንድ ላይ አጥሮ የታሰረ ከሆነ ጭንቅላቷን የምትወረውርበት ቦታ የላትም። ያኔ ትታገላለች፣ ወይ እንደ ፈረስ በፊት እግሯ ትነሳለች። የጉልበቷ ጸጉር መርገፍም ከዚህ ይመጣል። ዳገት ላይ ቆማችሁ ይህን አታዩም፤ ማለዳ በረቱ በር ላይ መገኘት ያስፈልጋል።

ሳይታይ የሚበላት

የግጦሽ ላም ትልቁ ጠላት ብዙ ጊዜ ከሣሩ ጋር የሚመጣው ነው። ረግረጉ ዳር ያለው ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ያራባል። የጅማ ከፍታ ደግሞ ሁለቱም የትሉ ዓይነቶች ሊገናኙበት የሚችሉበት ነው። የዓይኗን ሽፋን ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ፤ ከነጣ ደም አንሷታል። ከመንጋጋዋ ስር ለስላሳ እብጠት ከታየ አትዘግዩ። መዥገርን ጆሮዋ ውስጥ፣ ብብቷ፣ ጭራዋ ስርና ጡቷ ላይ ፈልጉ። በምዕራብ ኢትዮጵያ የተለመደው ባለቀለሙ መዥገር አፉ ረጅም ነው፤ የጡት ጫፍ ላይ ሲነክስ የሚተወው ቁስል አንዱን ጡት ለዘለዓለም ሊዘጋው ይችላል። ወደ ጊቤ ቆላ ወረድ የሚሉ ከብቶች ደግሞ ገንዲ የሚባለው በዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ያሰጋቸዋል። የጡት በሽታ፣ ሳል፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ እንደ ማንኛውም ላም ይታያሉ። ስውሩን የጡት በሽታ ግን ዓይን አያየውም፤ የእንስሳት ሐኪም በቀላል ፈሳሽ መርምሮ ያውቀዋል።

ሙቀት ጅማ ላይ እንደ አፋር አይደለም። ቢሆንም ጥላ በሌለበት የታሰረች ዲቃላ በየካቲት ቀትር ትጎዳለች። ጎኗን እያያችሁ ለ30 ሰከንድ ትንፋሿን ቁጠሩና በ2 አባዙት። ከ60 ካለፈ ጥላ ያስፈልጋታል።

ማንን ትፈራለች?

ለፍርሃት የተለመደ መለኪያ አለ። ከፊቷ ሆናችሁ፣ እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ፣ በሰከንድ አንድ እርምጃ ቀስ ብላችሁ ተጠጓት። ምን ያህል ሲቀራችሁ ነው የሸሸችው? አፍንጫዋን ካስነካች ሰውን አትፈራም። ከሩቅ የምትበረግግ ላም ግን ዱላ ታውቃለች። መዛኙ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከመጣ ግን ውጤቱን አትመኑት። ላሟ «መርፌው መጣ» ብላ ነው የምትሸሸው። እኔ ሌላም አደርጋለሁ፤ እረኛው ወደ እሷ ሲሄድ ጆሮዋንና እግሯን አያለሁ። ባለቤቷን ቀርባ እረኛውን የምትሸሽ ላም ብዙ ትናገራለች።

ታዲያ ሜዳው ይሻላታል?

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ላሞቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ወደ ግጦሽ የሚያስወጣ ክብደት የተጫነበት በር አቀረቡላቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው ላሞቹ ወደ ሜዳ ለመውጣት የገፉት ልክ ትኩስ መኖ ለማግኘት የሚገፉትን ያህል ነበር። በተለይ ማታ። ሌሎች ጥናቶችም ላሞች በሞቃት ቀን ጥላ ውስጥ መሆንን፣ ሌሊት ደግሞ ውጪ ማደርን እንደሚመርጡ አሳይተዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ እናስራለን፣ ሌሊት እንዘጋለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። ካናዳ ያሉት ተመራማሪዎች የጅማን ጅብ አላዩም። ስለዚህ የሌሊቱን በረት መመዘን አይቀርም። ወለሉ ደረቅ ነው? ገብታችሁ ስትተነፍሱ ዓይናችሁን ያቃጥላል? ገመዱ እንድትተኛ ይፈቅድላታል? ጥጃዋስ? ብዙ የሐበሻ ላም ጥጃዋ ካልጠባች ወተት አታወርድም፤ ስለዚህ ጥጃው የምዘናው አካል ነው። ሆዱ የተጣበቀ ጥጃ ካለ የላሟ ቅጽ ጥሩ ሆኖ ምን ዋጋ አለው።

ቁጥሩን አትደምሩት

በትልልቅ እርሻ ከመቶ ስንቱ ያነክሳል ብሎ ማስላት ጥቅም አለው። አራት ላም ባለው ቤት ግን አንዷ ስታነክስ «25 በመቶ» ማለት ቀልድ ነው። እያንዳንዷን ላም ለብቻዋ ጻፉ። ሁሉንም ነጥብ ደምሮ አንድ ውጤት መስጠትንም አልወደውም። ሣሩ ዘጠኝ፣ ሰኮናው ሁለት፣ አማካዩ «ደህና» ይላል። እግሯ የሚያማት ላም ግን በአማካይ አይደለም የምትራመደው። አንድ ከባድ ነገር ከተገኘ እሱ ብቻውን ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ጥፋቱን ሁሉ በባለቤቱ ላይ አታላክኩ። የጋራ ግጦሹ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ረግረጉ ዳር ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ሸክላው ለጡብ ይቆፈራል፣ ከተማው ይሰፋል፣ ዳገቱን ቡናና ጫት ይዞታል። ላሟ የከሳችው ባለቤቷ ስለጨከነ ሳይሆን የምትቆምበት መሬት ስላለቀ ሊሆን ይችላል። ያ የሚፈታው በአንድ ሰው ጓሮ አይደለም። ደሾ ሣር በማሳ ዳር መትከልና ድርቆሽ ማስቀመጥ ግን በጓሮ የሚሆን ነው። ገመድ ማርዘም፣ ቀን ላይ አንዴ ማጠጣት፣ ችካሉን ዛፍ ጥላ ወዳለበት ማዛወርም እንዲሁ፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም።

ወተት ሰብሳቢው ስንት ሊትር እንጂ ላሟ እንዴት ናት ብሎ አይጠይቅም። ሐኪሙ የሚመጣው ስትታመም ነው። ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውለው እረኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ምዘናው ከእሱ ይጀመር። ዛሬ ስንት ጊዜ ጠጣች? የት ተኛች? የትኛውን እግሯን እያነሳች ነበር? ከውኃው ማን አባረራት? ሳትቆጡ ጠይቁት፤ ከተቆጣችሁት የምትፈልጉትን መልስ ነው የሚሰጣችሁ። የነገራችሁን ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፣ መጋቢት ላይም እነዚያኑ ጥያቄዎች ድገሙለት።